በመዳፍ የተቀመሰ ጃምቦ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ በስህተት ተጀምሮ በስካር አለቀ። ሁለቱም የእኔ ጥፋት አልነበረም ብዬ እስከ ዛሬ እከራከራለሁ።

ከአዘና ወደ ዳንግላ በጭነት መኪና፣ በድንች ጆንያዎች መካከል ተቀምጬ ስመጣ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው። እናቴ የላከችኝ እትዬ ማዘንጊያ ዘንድ ነበር፤ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። በጋሪ መቆሚያው አጠገብ ጠላ ቤት ነበራቸው። ጠላ ቤት መሆኑን የሚያስታውቀው በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላው ደርሷል፤ ከወረደ አልቋል። ሌላ ማስታወቂያ አልነበረንም፤ አላስፈለገንምም።

እትዬ ማዘንጊያ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ጆግ አስያዙኝና «ለጋሼ ፈንቴ ቅጂላቸው» አሉኝ። ጋሼ ፈንቴ የጋሪ ነጂ ናቸው፤ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ፤ ጅራፋቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ብርጭቆውን ሞላሁና በሁለት እጄ አቀረብኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም። መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ጠብ አለን እንዴ?»

«ኧረ የለንም።»

«ታዲያ ሳትቀምሺ የምታጠጪኝ ምን አድርጌሽ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደግሞ በእናቴ ቤት ጠላ የሚቀዳው አባቴ ስለነበር ነገሩ አልገባኝም። እትዬ ማዘንጊያ መጥተው ጆጉን ተቀበሉኝ፤ ከጠላው ትንሽ በግራ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱና ፉት አሉ።

«አሳላፊ አስቀድማ በመዳፏ ትቀምሳለች» አሉኝ። «መርዝ የለበትም ማለት ነው። መጥፎ ከሆነም መጀመሪያ የእኔ ፊት ይጨማደድ ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ለሚቀዳው ብርጭቆ ሁሉ ቀመስኩ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ስንት ብርጭቆ እንደቀዳሁ አላውቅም፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን የደረቆት ጆንያ ተደግፌ ስተኛ አገኙኝ። ደረቆት ለጠላ የሚቆላው እህል ነው፤ ለትራስም እንደማይከፋ በዚያ ቀን አረጋግጫለሁ።

በማግሥቱ እትዬ ማዘንጊያ «ቅመሺ አልኩሽ እንጂ ጠጪ መቼ አልኩሽ?» ብለው ብልሃቱን አሳዩኝ። መዳፍን ጎድጓዳ ማድረግ የጀማሪ ነው። የሠለጠነች አሳላፊ መዳፏን ዘርግታ ታረጥበዋለች፤ ምላሷን ብቻ ታስነካዋለች። አንድ ሌላ ነገርም ነገሩኝ፤ ጠላ ብርጭቆ ውስጥ ሊዋሽ ይችላል፣ አረፋውም ቅዝቃዜውም ይሸፍነዋል፤ መዳፍ ላይ ግን ሲሞቅ የደበቀውን ያወጣል። ይህን በሁለተኛው ቀኔ ሰማሁ፤ በትክክል የገባኝ በሁለተኛው ዓመቴ ነው።

በጠላ ቤት ሹመት አለ። ከታች ጋን አጣቢዋ ናት፤ በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥባለች፣ በወይራ ጢስ ታጥናለች። ከሷ በላይ አሳላፊዋ፣ ከዚያ ደረቆት የምትቆላዋ አለች። ከሁሉ በላይ ጠማቂዋ ናት፤ ጥንስሱን የምትጥለው እሷ ብቻ ናት። እኔ ዘመድ በመሆኔ ከአሳላፊነት ጀመርኩ። ሌሎቹ ሴቶች ስላጉረመረሙ እትዬ ማዘንጊያ ወደ ጋን አጣቢነት አወረዱኝና ሁሉም ሰላም ሆነ።

ጋን አጣቢ ሆኜ ነው ትልቁን ጥፋቴን ያጠፋሁት። አንድ ቀን ወይራ አለቀ። ጢስ ጢስ ነው ብዬ ከጓሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሰበሰብኩና ጋኑን አጠንኩበት። ማንም አላየኝም። ጠላው ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎ፣ ደርሶ ሲቀዳ ግን ቤቱ የጤና ጣቢያ ሸተተ። እትዬ ማዘንጊያ በመዳፋቸው ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይመቱኛል ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ።

«ጉንፋን የያዘው ሰው ካለ ጥሩልኝ» አሉ።

ክረምት ስለነበር ዳንግላ ውስጥ ጉንፋን ያልያዘው ሰው አልነበረም። ጋኑ በሁለት ቀን አለቀ። ጋሪ ነጂዎቹ «ያ የጉንፋን ጠላ መቼ ነው ደግሞ የሚደርስ?» እያሉ ወር ሙሉ ጠየቁኝ። እትዬ ማዘንጊያ ግን ወይራውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት።

በቤቱ አራት ዓመት ሲሞላኝ ጥንስስ እንድጥል ፈቀዱልኝ። ሥራው በቃል ሲነገር አጭር ነው። ጌሾ ይወቀጥና በታጠነ ጋን ውስጥ በውኃ ይነከራል፤ ጥንስስ ማለት እሱ ነው። ሲፈላ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ የተፈጨው ደረቆት ይጨመርና ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል፤ የጋኑ አፍ ተመርጎ ይቀመጣል። ሲደርስ በውኃ ይቀጥናል፣ ይጠጣል። በእጅ ሲሠራ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ነው። ብቅሉ ከቀዘቀዘ አይበቅልም፣ ከሞቀ ይሻግታል፤ ደረቆቱ አንድ ደቂቃ ካለፈው ያርራል። ሕፃን ማሳደግ ይቀላል እላለሁ፤ ሁለቱንም ሠርቻለሁ።

አገውኛ ማወቄ ለሥራው ጠቅሞኛል። አንድ ቀን ድንች ሸጠው የተመለሱ ሁለት ገበሬዎች ከቀዳሁላቸው በኋላ በአገውኛ «ይቺ ልጅ ውኃ ነው እኮ የምትሸጥልን» ተባባሉ። እኔም በአገውኛ «ውኃው የጉድጓድ ነውና በነፃ ነው፤ ሒሳቡ የጌሾው ነው» አልኳቸው። አንዱ ትን ብሎት ሊሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ዳንግላ በመጡ ቁጥር ከእኛ ቤት ሌላ አልገቡም።

ጌሾ የምንገዛው ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ነበር፤ ዛሬም ከእሳቸው ነው የምገዛው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጌሾ ሲሸጡ አንድ ጠብታ ጠላ ቀምሰው አያውቁም። ሆኖም ጌሾን በአፍንጫቸው ብቻ ይለያሉ። «ይኸን አትውሰጂ፣ ሲደርቅ ዝናብ መቶታል» ካሉ ዝናብ መቶታል። አንድ ጊዜ «የማይቀምሱትን ነገር እንዴት ያውቁታል?» ብላቸው፣ «የሬሳ ሳጥን የሚሠራውስ ሞቶ ያውቃል?» አሉኝ።

እትዬ ማዘንጊያ ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ከሦስቱ ትልልቅ ጋኖች ጋር ለእኔ ለቀቁልኝ። ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደው ጥቂት ዓመት ተቀመጡና ዐረፉ። እኔም ጠማቂም ባለቤትም ሆንኩ። በደኅናው ዘመን ሦስቱም ጋኖች በተራ ይደርሱ ነበር፤ አንዱ ሲጠጣ፣ አንዱ ሲደፈደፍ፣ አንዱ ሲጠነሰስ። የማኅበር፣ የሠርግ፣ የተዝካር ትእዛዝ ይመጣልኝ ነበር። ከእንጅባራ ድረስ ይጠሩኝ ነበር።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። ከፊት ለፊቴ ግሮሰሪ ተከፈተ። ቀጥሎ ከጎኑ ሌላ ተከፈተ። ባጃጅ መጣና ጋሪ ከመሐል ከተማው እየራቀ ሄደ። ጋሪ ነጂ ፈረሱ እስኪያርፍ ይጠጣል፤ ባጃጅ ግን አያርፍም። ገብስ የሚያመጡልኝ ገበሬዎች ማሳቸውን በዲከረንስ ዛፍ ሸፈኑት። ዛፉ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ በጭነት መኪና ይሄዳል፤ መኪናው ሲመለስ የቢራ ሳጥን ጭኖ ይመጣል። አልፈርድባቸውም፤ በከሰሉ ልጆቻቸውን አስተምረዋል፣ ቤታቸውን ቆርቆሮ አልብሰዋል።

እንጅባራ ውስጥ አንድ የሙሽራ አባት አስጠራኝና «እትዬ አንጓች፣ ለሽማግሌዎች አንድ እንስራ ይበቃል» አለኝ። ቀድሞ ለታላቅ ልጁ ሠርግ አራት ጋን የጠመቅኩለት ሰው ነው።

«ሌላውስ እንግዳ?»

«ቢራ በሳጥን አዝዣለሁ። ጠላ ብቻ ባቀርብ ‹ምን ነካው፣ ከሰረ እንዴ?› ይለኛል ሰው።»

እንስራዋ ምርቃቱ ሳያልቅ አለቀች። ሙሽራው ራሱ ከሚዜው ጋር ወደ ጓዳ ገብቶ «የቀረ የለም?» ሲል አይቼዋለሁ። የአባትየው ፍርሃት ግን እውነት ነበር፤ ሰው የሚያየው የጠጣውን ሳይሆን የተደረደረውን ነው።

ጋሼ ፈንቴ ጥፋቱን ስሙ ላይ ጣሉት። «‹ጠላ› ተብሎ ማን ይወደዋል?» አሉኝ። «‹ወደደ› ብላችሁት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ሰልፍ ነበር።»

እኔ ግን ሦስቱን ጋን መጥመቄን አልተውኩም። ልማድ ነው፤ ትዕቢትም ነበረበት። አንዱ ጋን ሳያልቅ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ሁለተኛው ሳይከፈት ሦስተኛው ይኮመጥጣል። የኮመጠጠውን ለጎረቤት ላም እሰጣለሁ። አንዳንድ ሳምንት ከሰው ይልቅ ላሚቱ የበለጠ ትጠጣልኝ ነበር፤ እሷም ሒሳብ አትከፍልም፣ ቅመሺልኝም አትልም።

በዚህ ጊዜ ነው ያሬድ የመጣው። ለአንድ የቢራ ድርጅት ሽያጭ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሞተር ሳይክል ይነዳል፤ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። ቁጭ ብሎ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረልኝ።

«እትዬ አንጓች፣ ማቀዝቀዣ በነፃ። የድራፍት ማሽን በነፃ። ዣንጥላ በነፃ። ወንበርና ጠረጴዛ በነፃ።»

«ነፃው በዛ። እኔስ የምሰጥህ ምንድን ነው?»

«ምንም። ቤቱ ውስጥ ሌላ መጠጥ አይሸጥም፣ እሱ ብቻ ነው ስምምነቱ። ያ ጣሳም ይወርድና በቦታው የእኛ ታፔላ ይሰቀላል።»

ሦስት ቀን አሰብኩ። ለእኔ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ይህ ቤት ሰው የሚገባበት ቤት ሆኖ ይቆያል ወይስ ይዘጋል? ቤት መለወጥ ከመዝጋት ይሻላል ብዬ ተስማማሁ። ጣሳውን ያወረድኩት በራሴ እጅ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዲያወርደው ብተውለት ያመኝ ነበር። ሦስቱን ጋኖች ጓሮ ወስጄ ደፋኋቸው።

የድራፍት የመጀመሪያ ቀን ቤቱ ሞላ። ያሬድ ማሽኑን አስተማረኝ፤ ጃምቦውን አዘንብሎ መያዝ፣ ቧንቧውን መክፈት፣ አረፋውን በሁለት ጣት ልክ ማቆም። ቶሎ ያዝኩት፤ መቅዳት መቅዳት ነው። መጀመሪያ ያዘዘው ከባንክ የመጣ ከረባት ያሰረ ሰው ነበር። ጃምቦውን ሞላሁ፣ ይዤለት ሄድኩ፣ ፊቱ ቆምኩ፤ ከዚያ ሳላስበው ከጃምቦው ትንሽ በግራ መዳፌ ላይ አፈሰስኩና ፉት አልኩ።

«እማማ! የእኔ እኮ ነው!»

«የአንተ ነዋ። የማንን ልቅመስልህ ኖሯል?»

ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሼ ፈንቴ ከጥጉ ሆነው፣ «ዝም ብለህ ተቀበል ልጄ። ለእኔ አንድ ቀን ሳትቀምስ አቅርባልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስትክሰኝ ነው የኖረችው» አሉት። ሰውየው ሳቀ፣ ጠጣ፣ ሁለተኛ አዘዘ። ሁለተኛውን ሳቀርብ ስልኩን አውጥቶ «እስቲ እንደ ቅድሙ ይቅመሱልኝ» ብሎ ቀረጸኝ።

በሳምንቱ ወጣቶች እየመጡ «ይቅመሱልን» ይሉ ጀመር። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ከማሽኑ በቀጥታ መዳፌ ላይ እያፈሰስኩ እቀምስላቸው ነበር፤ እንዲህ የተሻለ እንደሆነ ከሰውየው ድንጋጤ ተምሬያለሁ። ያሬድ ግን አልወደደውም።

«እትዬ አንጓች፣ ይኼ የፋብሪካ መጠጥ ነው። እዚያው በላቦራቶሪ ተቀምሷል።»

«ላቦራቶሪው ዳንግላ የለም።»

«ቢሆንም ባይቀምሱ ይሻላል። ለስማችን ጥሩ አይደለም።»

እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት እንዳይከፋው ነው፤ መቅመሴን አላቆምኩም። እጄ ራሱ እሺ አይልም ነበር።

አንድ ሳምንት መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ቀን መጣ፤ ቀኑ ቅዳሜ፣ ገበያ ነበር። ያሬድ በጠዋት በሞተሩ እየበረረ ደረሰና አለቃው ከባሕር ዳር ቤቱን ሊያይ እየመጣ መሆኑን ነገረኝ። ቤቱን ጠረግን፣ ወንበሮቹን አሰለፍን። አለቃው ሁለት ሰው አስከትሎ ገባ። ደልደል ያለ፣ መልካም ሰው ነው የሚመስለው። የባንኩ ሰው፣ ጋሼ ፈንቴና ሌሎች ከዐሥር የማያንሱ ሰዎች ተቀምጠው ነበር።

«ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ» አለኝ አለቃው። «እስቲ የመጀመሪያውን ለእኔ።»

ቧንቧውን ከፍቼ መዳፌ ላይ አረፍ አደረግኩት። ብርዱ ሲለቀው ጎመዘዘኝ። የተበላሸ ድፍድፍ የሚሰጠው ዓይነት ጉምዝዝታ ነው፤ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ደገምኩ፤ ያው ነው። ያሬድ በዓይኑ ይለምነኛል። በዚያች ሰዓት ማቀዝቀዣውም፣ ማሽኑም፣ ወንበሩም፣ የሞላው ቤቴም በሙሉ በዓይኔ ዞሩ። ዝም ብዬ ብቀዳለት ሰውየው ለይሉኝታ ይጠጣው ነበር፤ ሌሎቹም ይጠጡት ነበር። ፈራሁ፤ ቧንቧውን ግን ዘጋሁት።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይኸን አላቀርብም» አልኩት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ተበላሽቷል።»

«የእኛ ምርት አይበላሽም እናቴ።»

«እንግዲያው መዳፍዎን ያምጡ።»

ሰው ሁሉ እያየው ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። መዳፉን ዘረጋ፤ አፈሰስኩለት፤ ጠበቅ አድርጌ «ትንሽ ይሙቅ» አልኩት። ቀመሰ። ፊቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨመቀ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ «ትንሽ ቀዝቃዛነቱ ጎድሎ ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ፈንቴማ «ፊትዎ ጨርሶ ነግሮናል፤ አፍዎን አያድክሙት» አሉት። ያን ጊዜ ሳቁን እኔም ወደድኩት፤ ዋጋውን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ማክሰኞ ፒክአፕ መኪና መጣ። ማቀዝቀዣውን ጫኑ፣ ማሽኑን ጫኑ፣ ዣንጥላውን አጥፈው ጫኑ። ያሬድ ዕቃ ሲያስጭን ፊቴን አያይም ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ተመልሶ ገባ።

«እትዬ አንጓች፣ እውነትዎን ነበር። ቱቦው ሁለት ወር አልታጠበም። ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር።»

«አለቃህ ያውቃል?»

«ነግሬዋለሁ። ከዚህ አካባቢ አነሱኝ።»

ተቆጥቼበት የነበረው ሁሉ በዚያች ቃል ወጣልኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ባዶው ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የራሴን አሮጌ ወንበሮች ማሽኑ ሲገባ ሸጫቸው ነበር። ጋሼ ፈንቴ በሩ ላይ ቆመው አዩኝና፣ «እንግዲህ ቆመን እንጠጣለን» አሉ።

«ምን ልትጠጡ ነው?»

ገብተው አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

በማግሥቱ ጋኖቹን ከጓሮ አነሳሁ፣ በግራዋ ፈተግኩ፣ በወይራ አጠንኩ። ከዚያ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄጄ ለሦስት ጋን የሚሆን ጌሾ እንዲመዝኑልኝ ጠየቅኩ። አሁን አርጅተዋል፤ ሚዛኑን የሚይዘው ልጃቸው ነው። እሳቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን አነሱና ልጃቸውን አስቆሙት።

«ሦስት ጋን ለማን ነው?»

«ለደንበኞቼ ነዋ።»

«ቁጠሪልኝ።»

«ጋሼ ፈንቴ አሉ። እነ ቢምረው...»

«ቢምረው ካረፈ ሦስት ዓመቱ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

«እነ መምህር አዳሙ...»

«ልጁ ዘንድ ሄዶ የለም እንዴ?»

ስጠራ እሳቸው እየጣሉብኝ፣ ከሃያ ሰው አምስት ቀረኝ። ሐጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንጓች፣ እኔ ዕቃ የማመጣው ለሚመጣው ገዢ ልክ ነው። አንቺ ግን ይኸን ሁሉ ዓመት ለሞቱት ሳይቀር ስትጠምቂ ኖረሻል።»

ተናደድኩ። ጠላ ቀምሰው የማያውቁ ሰው ስለ ጠላ ሲነግሩኝ! ቢሆንም «እንግዲያው ለአንዲት ትንሽ ጋን ይመዘንልኝ» አልኩ። ልጃቸው መዘነልኝ። መንገድ ላይ በልቤ እየተሳደብኩ፣ ደግሞ እየሳቅኩ ተመለስኩ።

አንዲት ጋን ጠመቅኩ፣ ከሦስቱ ትንሿን። ስትደርስ ቅዳሜ ነበር። ጣሳውን በጠዋት ሰቀልኩ፤ ወንበር ስለሌለ መደቡ ላይ ጆንያ አነጠፍኩ። እስከ ረፋዱ አንድ ሰው አልመጣም። ይኸው ነው፣ አበቃ ብዬ በሩን ገርበብ ላደርግ ስል ጋሼ ፈንቴ ገቡ። ቀጥሎ ከሰል ሸጠው የተመለሱ አራት ገበሬዎች መጡ። የባንኩ ሰው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣና «እማማ፣ ያን ቅምሻዎን ለእነዚህ ያሳዩልኝ» አለኝ። ጓደኞቹ ጠላ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር፤ አንዱ መሐረቡን አውጥቶ ብርጭቆውን ጠረገ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲጠጣ መሐረቡ የት እንደወደቀ አያውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጆጉን ጋኑ ውስጥ ስከት ታቹን ነካ። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች በር ላይ ቆመው «እማማ፣ ጠላ አለ?» አሉኝ።

«አልቋል» አልኩ።

ከስንት ዓመት በኋላ ያልኩት ቃል ነው። እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር። ልጆቹ እያዘኑ ሲሄዱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ እብድ ስስቅ ያየኝ ሰው አለ።

አሁን በሳምንት በሁለቱ የገበያ ቀኖች ጠላ አለኝ፤ በሌላው ቀን የለም። ቢራም በጠርሙስ አለ፤ ራሴ ገዝቼ ነው የማመጣው፣ ክዳኑን ጠጪው ፊት እከፍታለሁ። ለሠርግ አንድ እንስራ ሲታዘዝልኝ አንድ እንስራ እጠምቃለሁ፤ አራት ጋን የታዘዘበትን ዘመን እያነሳሁ ሰውን አላስቸግርም። ገብሱ ተወዷል፣ ጉልበቴም ደክሟል፤ ዳንግላ ውስጥ ከቀሩት ጠላ ቤቶች አንዳንዶቹ ከእኔ በኋላ ከፍተው ከእኔ በፊት ዘግተዋል። እነሱም ጥሩ ጠማቂዎች ነበሩ።

በዳንግላም በእንጅባራም ገና ለምትጠምቁ እህቶቼ የምነግራችሁ ይኸን ብቻ ነው። ጥንስስ ከመጣላችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። የቀረውን ተዉት፤ ለሚመጣው ልክ ጥመቁ። አምስት ከሆኑ፣ ለአምስት።